ለ600 ደንበኛ፦ አንድ አዲስ ሰርቨር ወይስ ሁለት ያገለገሉ?

የሜክሲኮው (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ሆነን በአካባቢው ላሉ ቢሮዎችና አፓርታማዎች ኢንተርኔት እናከፋፍላለን፤ ደንበኞቻችን 600 ገደማ ናቸው። ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረው)፣ ራዲየስ (ደንበኛው ሲገባ ማንነቱን የሚያረጋግጠውና አጠቃቀሙን የሚመዘግበው)፣ የክፍያ ዳታቤዝና ሞኒተሪንግ ሁሉም ሴንትኦኤስ 7 (አንድ የሊኑክስ ዓይነት) በተጫነበት አንድ ሰርቨር ላይ ናቸው። በቅርቡ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ዳታቤዙ አልነሳ ብሎ ደንበኛው ሁሉ ተቋርጦ ዋለ። አለቃዬ አንድ ጠንካራ አዲስ ሰርቨር እንግዛ ይላሉ፤ እኔ በዚያው ብር ሁለት ያገለገሉ ዴል አር740 ይሻላል ባይ ነኝ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙስ ምን ይሁን? ዊንዶውስ ሰርቨር ያሉኝም አሉ።

ሄለን፦
ወንድሜ፣ ሁለቱን ግዛ። ለ600 ደንበኛ ፕሮሰሰር አይቸግርህም፤ ራዲየስን የሚያስጨንቀው ዲስክ ነው። ራውተሩ የየደንበኛውን አጠቃቀም በየደቂቃው ከላከ በሰከንድ 10 መዝገብ ይጻፋል፤ በየ10 ደቂቃው ካደረግከው 1 ብቻ። የተረፈህን ብር ዲስክ ላይ አውለው። የሰርቨር ኤስኤስዲ ካፓሲተር ስላለው መብራት ድርግም ሲል የያዘውን ጽፎ ይጨርሳል፤ የላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የለውም። ሁለት ሁለቱን በሬይድ 1 (አንዱ የሌላውን ቅጂ እንዲይዝ) አስራቸው።

ስትገዛ ሻጩ ፊት አስነሳው። አይድራክ (የዴል ሰርቨር መቆጣጠሪያ ገጽ) ውስጥ ገብተህ የስህተት መዝገቡንና የኤስኤስዲዎቹን ቀሪ ዕድሜ እይ፤ እየሠራ ሳለ አንዱን ፓወር ሰፕላይ ንቀል፣ መልሰህ ሌላውን ንቀል። በዚህ መሃል ከጠፋ አትውሰደው።

የለገሃሩ፦
ሄለን ያለችው ልክ ነው። እኔ ሙቀቱን ልጨምር። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ያህል አያቀዘቅዝም። የዚህ ዓይነት ሰርቨሮች ማንዋል የአየሩ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ይሁን የሚለው ከፍታው እስከ 950 ሜትር ድረስ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። ስለዚህ ለእኛ ጣሪያው 30 አካባቢ ነው። ከተማው ቀዝቃዛ ነው ብላችሁ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ያለ ኤሲ እንዳትተዉት። ደግሞ ጄኔሬተሩ ሲነሳ ኤሲው አብሮ መነሳቱን አረጋግጡ፤ ብዙ ቦታ ሰርቨሩ ብቻ ነው የሚነሳው።

ሄኖክ፦
ኦኤሱን በተመለከተ፦ ሴንትኦኤስ 7 ሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ድጋፉ ስላበቃ የደኅንነት ማስተካከያ አይመጣለትም። አሁኑኑ ውጡ። ዴቢያንን (ሌላ የሊኑክስ ዓይነት) እመርጣለሁ፤ ፍሪራዲየስም (የራዲየስ ፕሮግራም) አንባውንድም (የዲኤንኤስ ፕሮግራም) ከራሱ ማከማቻ ይጫናሉ፣ ፈቃድ አይከፈልበትም። ልጆቻችሁ የሴንትኦኤሱን ትእዛዝ ከለመዱ ግን ከሴንትኦኤስ ጋር የሚመሳሰለውን አልማሊኑክስ ውሰዱ፤ ሌሊት ተረኛው የሚያውቀው ሲስተም ይበልጣል። ፍሪቢኤስዲም (ሊኑክስ ያልሆነ ሌላ ነጻ ሲስተም) ጥሩ ነው፣ የሚያውቀው ሰው ካላችሁ። ለዚህ ሥራ ለዊንዶውስ ፈቃድ ብር ማውጣት አያስፈልግም።

የሜክሲኮው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ሥራውን ለሁለቱ እንዴት ላካፍለው?

ሄለን፦
ዲኤንኤስና ራዲየስ ሁለቱም ላይ ይሁኑ፤ ራውተሩ ላይ የሁለቱንም አድራሻ አስገባ። ዋናው ዳታቤዝ አንዱ ላይ፣ ቅጂው ሌላው ላይ። ዲኤንኤሱ ለራሳችሁ ደንበኞች አድራሻ ብቻ ይመልስ፤ ለዓለም ክፍት ከሆነ አጥቂዎች ሌላውን ማጥቂያ ያደርጉታል። የየቀኑ ባክአፕ ደግሞ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። አሮጌውን ሰርቨር ቶሎ አታጥፋው። መጀመሪያ ጥቂት ደንበኞችን አዛውር፣ ከዚያ አንዱን አዲስ ሰርቨር ሆን ብለህ አጥፍተህ ደንበኞቹ መግባት መቻላቸውን እይ። ከቻሉ ሌሎቹን አምጣ።