«ምንም አይከሰትበትም»፦ የዱን ሁለተኛ መጽሐፍ ይዘለል?

የአሸዋ ሰው፦ ስለ ፍራንክ ኸርበርት የሳይንስ ልቦለዶች አንድ የመጻሕፍት ቻናል ላይ «ዱንን ከጨረሳችሁ ሁለተኛውን፣ ዱን መሲሕን ዝለሉት፤ ምንም አይከሰትበትም፤ ቀጥታ ወደ ሦስተኛው እለፉ» ተባልን። ምንም! ንጉሠ ነገሥቱ ፖል ዓይኑ ጠፍቶ፣ የሚወዳት ቻኒ በወሊድ ሞታ፣ እሱም ዙፋኑን ጥሎ ብቻውን በረሃ የገባበትን መጽሐፍ እኮ ነው። የጀርባ ሽፋኑን አንብበው ይሆናል።

ቀዮ፦ ሰዎቹ ምን አጠፉ? የቆጠርካቸው በሙሉ መጽሐፉ ከተጋመሰ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ከዚያ በፊትስ? ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ወሬ። ዱን ላይ የጠላቶቹ የሃርኮነኖች ወረራ አለ፣ የግዙፉ የበረሃ ትል ግልቢያ አለ፣ ከሃርኮነኑ ፌይድ ራውታ ጋር የጩቤ ፍልሚያ አለ። እዚህ 12 ዓመት ይዘለልና በፖል ስም የተነሣው ጦርነት ዋና ዋና ነገር ካለፈ በኋላ እንገባለን። 61 ቢሊዮን ሰው አለቀ፣ 90 ፕላኔት ሕይወት አልባ ሆነ፤ ይህን ሁሉ የምንሰማው በአንድ ጨዋታ መሃል ነው።

ማሂ፦ ጨዋታው ውስጥ ያለውን ግን ዘለልከው። ፖል ለጦር ጓዱ ለስቲልጋር ስለ ጄንጊስ ካን ያወራለታል፤ ምናልባት 4 ሚሊዮን ገድሏል ይለዋል። ቀጥሎ ሂትለር፣ ከ6 ሚሊዮን በላይ። የስቲልጋር መልስ ምንድን ነው? ቁጥሩ ብዙም አይደንቅም! ይህን የሚለው በመጀመሪያው መጽሐፍ ለአንዲት ጠብታ ውኃ የሚጠነቀቀው ናይብ፣ የበረሃ ጎሳ አለቃ ነው። አሥር ውጊያ ቢጻፍልህ ጦርነቱ ሰውየውን ምን እንዳደረገው እንዲህ አያሳይህም።

ቀዮ፦ «ያወራለታል»፣ «ይለዋል»፣ «መልስ»። እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠበቃዬ ሆንሽ።

ሦስት ስኳር፦ ዱንን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ በአናሎግ መጽሔት በተከታታይ ያወጣው ጆን ካምቤል ሁለተኛውን አልቀበልም ብሏል። በ1969 ያወጣው ጋላክሲ ነው። ካምቤልን ያስከፋው ደግሞ ጀግናው መውደቁ ነው እንጂ «ምንም አለመከሰቱ» አይደለም። ዛሬም የሚያማርሩት እነዚያው ናቸው፤ ሰበቡን ብቻ ቀየሩት።

ቀዮ፦ ካምቤል አንባቢውን ያውቅ ነበር በለኛ።

ሦስት ስኳር፦ አንባቢ እናውቃለን የሚሉ አሳታሚዎች ዱንንም ተራ በተራ መልሰውት፣ በመጨረሻ በ1965 ያተመው በመኪና ጥገና መጻሕፍት የሚታወቀው ቺልተን ነው። ስለ አዋቂዎች ባናነሳ ይሻላል።

የአሸዋ ሰው፦ ውድቀቱም ቢሆን ድንገተኛ አይደለም። በመጀመሪያው መጽሐፍ የፕላኔቷ ሥነ ምኅዳር አጥኚ ካይንስ በረሃ ላይ ሊሞት ሲል የአባቱን ድምፅ ይሰማል፦ ለሕዝብህ በጀግና እጅ ከመውደቅ የከፋ መቅሠፍት የለም ይለዋል። ፖልም ገና ድንኳን ውስጥ እናቱ አጠገብ ሳለ በስሙ የሚነሣውን ጦርነት አይቷል። የትል ግልቢያው ላይ ስታጨበጭቡ ይህን ካለፋችሁት ኸርበርት ምን ያድርግ?

በረከት፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ሰውየው ነገን ያያል። ታዲያ አራት ሰው ተሰብስቦ እንዴት ያሴርበታል? ቀዳዳ ነው።

ማሂ፦ ቀዳዳ አይደለም፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ተደፍኗል። ከአራቱ አንዱ ኤድሪክ የጊልድ፣ የጠፈር ጉዞ ማኅበሩ፣ መርከብ መሪ ነው፤ ነገን በሚያሳየው ቅመም ጋን ውስጥ የሚኖር። እሱም ነገን ስለሚያይ፣ እሱና በአጠገቡ ያሉት ከሌላ ባለ ራእይ ይሰወራሉ። ለዚህ ብቻ ነው የተጋበዘው። እናት ሞሂያም የሴቶቹን ምሥጢራዊ ማኅበር ቤኔ ጀሰሪትን ትወክላለች፣ የፖል የወግ ሚስት ኢሩላን የቤት ውስጥ ሰው ናት፣ ስኪታሌ መልክ ለዋጩ ሥራውን ይሠራል። ከዚያ ከሞተው የፖል ወዳጅ ከደንከን አይዳሆ ሥጋ የተሠራውን ሄይትን በስጦታ ይሰጡታል። ድንኩ ቢጃዝ ሄይት ውስጥ ትእዛዝ ይቀብራል፦ ፖል ስለ ቻኒ «ሄደች» ባለ ሰዓት ግደለው። ሄይት ግን ሊገድል ሲነሣ የደንከን ትዝታ ይመለስለታል። ሄይትን ለሠሩት ለትሌይላክሱዎቹ ይህም ኪሳራ አይደለም፤ የሞተ ሰው ከነትዝታው እንደሚመለስ ተረጋገጠ ማለት ነው። ወዲያው «ቻኒንም እንመልስልህ፣ ሥልጣንህን ልቀቅ» ብለው ይደራደሩታል።

በረከት፦ እሺ ኤድሪክ ጋረደው። የኢሩላንን መድኃኒት ማን ጋረደው? ዓመታት ሙሉ ለቻኒ በድብቅ የእርግዝና መከላከያ ስትሰጥ!

ማሂ፦ ማንም። ያውቅ ነበር። ቻኒ ከወለደች እንደምትሞት አይቷል፤ መድኃኒቱ ዕድሜዋን አስረዘመላት። እንዲያውም በልቡ ኢሩላንን ያመሰግናታል።

ቀዮ፦ እና ለራሷ ለቻኒ አልነገራትም። ድንቅ ባል።

የአሸዋ ሰው፦ ቢነግራት ምን ትመርጥ እንደነበርም ያውቃል፤ ቻኒ ልጅ ነው የምትለው።

ቀዮ፦ ይኸው! አወቀ፣ ዝም አለ፤ አየ፣ ዝም አለ። ዋናው ሰው ዝም የሚልበት መጽሐፍ ላይ ምን ይከሰታል?

ሦስት ስኳር፦ የኢሩላንን መጨረሻ ግን እኔም አልከላከልለትም። መጽሐፉን ሙሉ ስታሴር ቆይታ፣ ቤኔ ጀሰሪትን ትታ ፖልን እንደምትወደውና መንትዮቹን እንደምታሳድግ በሌላ ሰው አፍ ነው የምንሰማው። እዚህ ላይ ቀዮ ልክ ነው።

ማሂ፦ አታበረታታው።

በረከት፦ ለማንኛውም የፊልም ዳይሬክተሩ ቪልኔቭ ሦስተኛውን ፊልም የሚሠራው ከዚህ ነው። የ2024ቱ ፊልም መጨረሻ ላይ ቻኒ ጥላው ሄዳለች። መጽሐፉ ላይ ግን እነዚያን 12 ዓመታት አብራው ናት። ሳይታረቁ ልጅ ከየት ይመጣል? ሳይወልዱ ደግሞ መንትዮቹ ሌቶና ጋኒማ የሉም፣ ያለ እነሱ ሦስተኛው መጽሐፍ የለም። ለዚህም ነው «ዝለሉት» የሚለው ምክር የማይሠራው።

ቀዮ፦ መንትያ ተወለደ፣ አባት በረሃ ገባ። ነገርኳችሁ፤ አሁን ሦስተኛውን ጀምሩ።

የአሸዋ ሰው፦ በሴራ የተከሰሰው የፖል ቄስ የኮርባ ችሎትስ? ስቶን በርነር የሚባለው የጦር መሣሪያ የፖልን ዓይን አጥፍቶታል። ለወታደሮቹ የትሌይላክሱን የብረት ዓይን ሲያስገዛ ለራሱ አልፈለገም። ባዶ የዓይን ጉድጓዱን ይዞ ናይቦቹ ፊት ተቀምጦ፣ ኮርባ ወዴት እንደዞረ፣ ማንን እንደተለማመጠ አንድ በአንድ ይነግረዋል። ቤቱ በፍርሃት ይርዳል። ይህም ምንም ነው?

ቀዮ፦ ይነግረዋል አልክ?

ማሂ፦ ቀዮን ዝለሉት፤ ምንም አይከሰትበትም።