የሜሞሪ አድራሻን ወደ ሶርስ ኮድ መስመር ስለመቀየር እርዳታ እፈልጋለሁ

ጤና ይስጥልኝ። በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈና በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ክራሽ ሲያደርግ በሎግ ፋይሉ ውስጥ የሚተወው የሜሞሪ አድራሻዎችን ብቻ ስለሆነ፣ እነዚህን ወደ ፋይል ስምና የመስመር ቁጥር ለመቀየር እየሞከርኩ ነው። የዲበግ መረጃው (አድራሻን ከሶርስ ኮድ መስመር ጋር የሚያያይዘው) ከፕሮግራሙ ተነጥሎ ለብቻው የተቀመጠ ሲሆን፣ የሁለቱ ፋይሎች የቢልድ መለያ (ከአንድ ቢልድ መውጣታቸውን የሚያሳየው build ID) አንድ መሆኑን አረጋግጫለሁ።

ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር በተለያየ የሜሞሪ ቦታ ስለሚጫን፣ በ55 ወይም በ56 የሚጀምሩት ረጃጅም አድራሻዎች እንዳሉ አድራሻን ወደ መስመር ቁጥር ለሚቀይረው መሣሪያ ለአድር2ላይን (addr2line) ሲሰጡ የሚመለሰው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ከማፕስ ፋይል (እያንዳንዱ ክፍል በሜሞሪ የት እንደተጫነ ከሚዘረዝረው) ላይ ኮዱ ያለበትን ክፍል መነሻ እቀንስና የፋይል ኦፍሴቱን (ክፍሉ በፋይሉ ውስጥ የሚጀምርበትን ቦታ) እደምራለሁ። ለዋናው ፕሮግራም ውጤቱ ትክክል ነው። በኤልኤልዲ (LLD በተባለው ሊንከር) ሊንክ ለተደረገው ሼርድ ላይብረሪ (ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ ለሚጫነው የኮድ ፋይል) ግን ፈጽሞ የማይገናኝ ፈንክሽን ይመጣል። የፋይሉን አወቃቀር በሚያሳየው በሪድኤልፍ (readelf) ስመለከተው የኮዱ ሴግመንት (ክፍል) ቨርቹዋል አድራሻ፣ ማለትም ከመጫኛው መነሻ አንጻር በሜሞሪ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ከፋይል ኦፍሴቱ በ4096 ባይት ይበልጣል። ይህን ልዩነት ከየላይብረሪው ፕሮግራም ሄደር (ሴግመንቶቹን ከሚዘረዝረው ሠንጠረዥ) እያነበብኩ ልደምር፣ ወይስ ፕሮግራሙ ራሱ የእያንዳንዱን ላይብረሪ የመጫኛ መነሻ በሎጉ ላይ እንዲመዘግብ ማድረግ ይሻላል? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

ሌላው ጥያቄዬ አጭር ነው። በሎጉ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ፍሬሞች (እያንዳንዳቸው አንድ የፈንክሽን ጥሪን የሚወክሉ) የመመለሻ አድራሻ በመሆናቸው ከጥሪው ቀጥሎ ያለውን መስመር ያሳያሉ፤ 1 ሲቀነስ ይስተካከላሉ። ከሲግናል ሃንድለሩ (ክራሽ ሲከሰት ከሚጠራው ፈንክሽን) በታች ያለው ፍሬም ግን ስህተቱን የፈጠረውን ኢንስትራክሽን በቀጥታ ስለሚያመለክት ሊቀነስለት አይገባም። ዝርዝሩ ቁጥር ብቻ ሆኖ ሳለ ይህን ፍሬም ከሌሎቹ በምን መለየት ይቻላል?