የዳክዬ ቀለበት ፕሮፖዛል፦ ማሰሩ ይቆየንና ማንበቡን እንጀምር

ሰላም ለሁላችሁ። የፕሮፖዛላችንን ረቂቅ አነበብኩት፣ ጥሩ ነው። ግን ዋናው ሥራችን ጉዞዋን ለመከታተል ዳክዬ እየያዙ እግሯ ላይ ቀለበት ማሰር ነው የሚለው ላይ አልስማማም።

አዲስ አበባ አጠገብ ባሉት የአባ ሳሙኤልና የገፈርሳ ግድቦች ላይ ከመስከረም ጀምሮ የምናያቸው እነ ፒንቴይልና ሾቨለር የሚባሉ ዳክዬዎች የተፈለፈሉት ሩቅ ሰሜን፣ አውሮፓና ሩሲያ ነው፤ ወደ መጋቢት ገደማ ይመለሳሉ። እዚያ ቀለበት አሳሪዎች የሚጠብቋት ወቅት አለች። ዳክዬ በሰሜኑ በጋ የክንፍ ላባዋን ባንዴ ስለምትጥል ለጥቂት ሳምንታት መብረር አትችልም፣ ያኔ በጀልባ እየነዱ መረብ ውስጥ ያስገቧታል። እኛ ጋ ስትደርስ ግን ክንፏ ሙሉ ነው። እሷን ለመያዝ ፈቃድና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል፤ በስሜት ብቻ ብንገባበት ወፏን እንጎዳታለን።

ቀለበቱ ራሱ ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸበት ቀላል ብረት ነው። ሞርተንሰን የሚባል የዴንማርክ መምህር እ.ኤ.አ. በ1899 ሥርዓት ባለው መንገድ ሲጀምረውም ሐሳቡ ይኸው ነበር፤ አንዱ ያስራል፣ ሌላው አገር ያለ ሰው አግኝቶ ይጽፋል። አብዛኛው ቀለበት ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። ስለዚህ ዓሣ አስጋሪ መረቡ ላይ ቀለበት ያላት ዳክዬ አግኝቶ ለማን እንደሚናገር ካላወቀ፣ ከሰሜን እዚህ ድረስ የመጣ መረጃ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው! ስለዚህ መጀመሪያ ቀለበት ያገኘ ሰው ምን እንደሚያደርግና ለማን እንደሚናገር የሚያሳውቅ ፖስተር እናውጣ።

— አባል፣ ከፒያሳ፦ እስማማለሁ። ግን ወጣቶቹ በእጃቸው የሚሠሩት ነገር ይፈልጋሉ፣ ወረቀት ብቻ ከሆነ ይበተናሉ።

ልክ ነህ ወንድሜ። በጥር የውሃ ወፎች ቆጠራ ይግቡ፤ በየአገሩ በዚያው ወር ስለሚደረግ ቁጥራችን ከሌላው ጋር ይነጻጸራል። ከዚያ በፊት አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄደው ዝርያ መለየት ይለማመዱ።

— አባል፣ ከካዛንቺስ፦ ፖስተሩ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይሁን። «አትከሰሱም» የሚል ይግባበት፣ ሰው ይፈራል እኮ።

እሱን ግን ሳንጠይቅ ቃል አንግባ እህቴ። መጀመሪያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን እናማክር። ፖስተሩ ላይ ከሚነገርበት አድራሻ ጋር ይህን ብቻ እንጻፍ፦ ፊደሉንና ቁጥሩን ሳታጎድል ጻፍ፣ ፎቶ አንሳ፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግብ፣ በሕይወት ካለች ቀለበቱን ሳታወልቅ ልቀቃት። ለባለሥልጣኑ የምንጽፈውን ደብዳቤ የሚያረቅ ማን ነው?