ለሃይሉክስ ጎማ፦ ኤ/ቲ ወይስ ኤም/ቲ? አስፋልትም፣ የአፋር ድንጋይም፣ ዋልካም አለ

ደጋና_ቆላ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት፤ አሁን ያለው ጎማ ልኩ 265/65 አር17፣ ዓይነቱ የብሪጅስቶን ዱለር 684 ነው። ጥርሱ ስላለቀ አራቱንም ልቀይር ነው። ብዙው መንገድ ከአዲስ አበባ በአዋሽና በሚሌ በኩል ሰመራ የሚያደርሰው አስፋልት ነው፤ ከዚያ ሲወጣ ፒስታና ስለታም ጥቁር ድንጋይ። ክረምት ላይ ደግሞ ሰሜን ሸዋ ዋልካ ውስጥ ይገባል። ኋላ እስከ 500 ኪሎ ይጫናል።

ሦስት ነገር ላስቸግራችሁ። ኤ/ቲ (ለሁሉም ዓይነት መንገድ የሚሆነው) ይሁን ኤም/ቲ (የጭቃው)? ልኩን ረዘም ወዳለው ወደ 265/70 ከፍ ባደርገውስ? ደግሞ ጎማ ቤት ሁሉ «ቆላ ስትወርድ ሙቀቱ ስለሚነፋው ከነፋሱ 5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ቀንስ» ይለኛል። እውነት ነው?

ጎኑን_እይ፦

ኤ/ቲ ግዛ። የትኛውን ኤ/ቲ የሚለው ግን ይበልጣል። ሰው ጎማ ቤት ገብቶ የሚመርጠው ጥርስ ነው፤ ድንጋይ ላይ የሚቀደደው ጎኑ ነው። ያለህ 684 ኤች/ቲ ነው፣ ማለትም ለአስፋልት የታሰበ፤ ስለዚህ ማንኛውም ኤ/ቲ ቢገባለት ለውጡ ይታወቅሃል። ነገር ግን በዚያው በ265/65 አር17 ልክ ሁለት ዓይነት ኤ/ቲ ይሠራል። አንዱ ከልኩ ቀጥሎ 112 ተጽፎበታል፤ አንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ይችላል፣ አሠራሩ እንደ ቤት መኪና ጎማ ነው። ሌላው «ኤልቲ» (ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ) የሚል አለበትና ቁጥሩ 120/117 ነው። እሱ 1,400 ኪሎ ይሸከማል፤ «ባለ 10 ፕላይ» የሚሉት ይሄንን ነው። አሥር ንብርብር ቆጥሮ ለማግኘት ግን አትድከም፣ የጥንካሬ ደረጃ ስያሜ ነው። 1,400 ኪሎ የምትጭንበት ጉዳይ ባይኖርህም፣ ያንን ሸክም እንዲችል ተብሎ የወፈረው ጎን ነው አፋር ላይ የሚያተርፍህ። በምላሹ ባዶውን ስትነዳ ያንገጫግጭሃል፣ ከበድ ስለሚል ነዳጅም ትንሽ ይጨምራል።

ኤም/ቲ ጥርሱ ሰፋፊ፣ መሃሉ ክፍት ነው። አስፋልት የሚነካው ላስቲክ ስለሚያንስ ዝናብ በመታው መንገድ ላይ ፍሬን ስትይዝ ሄዶ ሄዶ ነው የሚቆመው፤ ይጮሃል፣ ቶሎም ይበላል። ለክረምት ጭቃ ብለህ ዓመቱን ሙሉ አትክፈል። ዋልካ ደግሞ ጉደኛ አፈር ነው፦ ኤም/ቲም ቢሆን ጭቃውን የሚተፋው ጎማው በፍጥነት ሲሽከረከር ነው። በዝግታ ስትሄድ እሱም እንደ ኤ/ቲው ይሞላና ይለሰናል። ለዚያ ወቅት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ሰንሰለት ብትይዝ ይሻልሃል።

ከመክፈልህ በፊት ጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ። 2324 ካለ በእ.ኤ.አ. 2024፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አዲስ ቢሆንም ዓመታት መደርደሪያ ላይ የቆየ ከሆነ ተወው፤ ላስቲክ ሳይነዳም ይደርቃል።

ቸርኬ17፦

ስለ ልኩ። 265/65 አር17 ቁመቱ 776 ሚ.ሜ ገደማ ነው፣ 265/70 ደግሞ 803። ከመሬት የምታተርፈው ግማሹን ብቻ ነው፣ 13 ሚ.ሜ። ለዚህ ብለህ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል በእውነት 103 ትሄዳለህ፣ ሞተሩ ላይ ጫና ይጨምራል፣ መሪ እስከ ጥግ ተጠምዝዞ የመኪናዋ ፊት ወደ ታች ሲጫን ጎማው የጭቃ መከላከያውን ሊነካ ይችላል። ስኮርታውም (መጠባበቂያው ጎማ) አብሮ መቀየር አለበት። አሮጌውን 265/65 ስኮርታ ከአዲስ 265/70 ጋር አስረህ ፎር ዊል ከገባህ፣ ሃይሉክስ በፊትና በኋላ መካከል የዙር ልዩነትን የሚያስታርቅ ዲፈረንሺያል ስለሌላት ልዩነቱን የሚሸከመው ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው) እና ሻፍቱ ነው። እኔ ብሆን በፋብሪካው ልክ እቆያለሁ፤ በተረፈው ብር አምስተኛ ጎማ ግዛ።

ባሮሜትር፦

የነፋሱ ነገር ላይ ጎማ ቤቶቹ ግማሹን ነው የሚነግሩህ። ሙቀቱ ግፊቱን ከፍ ያደርጋል፣ ልክ ናቸው። የረሱት ከፍታውን ነው። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር 11 ፒኤስአይ ያህል ነው፤ ሰመራ ላይ 14 ይጠጋል። ስለዚህ በ18 ዲግሪ 35 የሞላኸው ጎማ፣ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ ሰመራ ላይ 32 ያሳይህ ነበር። ጎማው 40 ዲግሪ ሲሞቅ መልሶ 35 አካባቢ ይመጣል። አንዱ ሌላውን አጣፋው። 5 ቀንሰህ ከወረድክ ግን በ30 ነው የምትሄደው፤ 500 ኪሎ ጭነህ በዚያ ቀጥ ያለ አስፋልት በ100 ስትነዳ ጎኑ በየዙሩ እየተጣጠፈ ውስጡ ይጋያል። በሙቀት አገር ጎማ የሚፈነዳው ብዙውን ጊዜ ነፋስ አንሶት ነው።

ኤልቲ ከገዛህ በሹፌሩ በር ላይ የተጻፈው የነፋስ ልክ አይበቃም፤ ከ5 እስከ 8 ፒኤስአይ ጨምርበት፣ ጭነት ስትይዝ ኋላውን ከፊቱ አብልጥ። ጠዋት ሳይነዳ ለካ፣ አንድ ሰዓት ነድተህ ድገም። ጭማሪው ከ6 ካለፈ ጠዋት የሞላኸው አንሷል ማለት ነው፤ በፍጹም ሞቆ እያለ አታስተንፍስ።

ከአስፋልት ስትወጣ፣ ፒስታ ላይ ከሩብ ያልበለጠ ቀንስ፣ ፍጥነትም አብሮ ይውረድ። ስለታም ድንጋይ ላይ ከዚያ በታች አትሂድ፤ ጎኑ ወደ ውጭ ሲያብጥ ራሱ ለድንጋዩ ይሰጣል። አሸዋ ከሆነ 16–18 ፒኤስአይ፣ በ30 ኪ.ሜ ፍጥነት፣ መሪ ሳታጥፍ በዝግታ፤ አለበለዚያ ጎማው ከቸርኬው ይወልቃል። አስፋልት ሳትረግጥ መሙላት ግዴታ ስለሆነ ኮምፕረሰር ያዝ፤ ጠንካራ ከሆነ ከባትሪው ቀጥታ አገናኘው፣ የሲጋራ ማቀጣጠያው ፊውዝ አይችለውም።

ደጋና_ቆላ፦

ተባረኩ። ኤልቲ ኤ/ቲ፣ በዚያው ልክ፣ አምስት ፍሬ። አንድ የቀረኝ፦ ጎሚስታው «ለድንጋይ ከመነዳሪ (ጎማው ውስጥ የሚገባ፣ ነፋስ የሚይዝ ላስቲክ) ልጨምርልህ» ይላል።

ጎኑን_እይ፦

አይሆንም። ያለ ከመነዳሪ የሚሠራ ጎማ ሚስማር ቢወጋው ነፋሱ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው፤ ከመነዳሪ ያለበት ግን ሲበሳ ባንዴ ይተነፍሳል። በዚያ ላይ ከመነዳሪው ከጎማው ውስጥ ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ይሞቃል። ጎኑ ተቀዶ ከገጠር ለመውጣት ብቻ ቢገባ ይገባኛል፤ እሱም በዝግታ፣ እስከ መጀመሪያው ከተማ። መጠገን የሚቻለው ጥርሱ መሃል ላይ ያለ፣ ከ6 ሚ.ሜ ያልሰፋ ቀዳዳ ነው። ትከሻውና ጎኑ አይጠገንም፣ ማንም ምንም ቢልህ።

ቸርኬ17፦

አምስተኛውን ስኮርታ ቦታ ላይ አታስረጀው። በየ10,000 ኪ.ሜ አምስቱንም አዙር፤ ቁመታቸው እኩል እየሆነ ያልቃል። ከታሰሩ በኋላ 50 ኪ.ሜ ነድተህ የጎማዎቹን ማሰሪያ ዳዶዎች እንደገና አጥብቅ። ጥርሱ 4 ሚ.ሜ ሲደርስ ደግሞ የዋልካ ሥራው አብቅቷል፤ አስፋልት ላይ ግን ገና ይሄዳል።