በፕሮጀክተር ካሳየን ሙዚየም መሄዱ ይቀራል?

ሄርማታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ የ40 ተማሪዎች የሥዕል ክበብ አለን። አዲስ አበባ ወስዶ ሙዚየም ማስጎብኘት 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው፣ ወጪው አይቻልም። ትልልቆቹ ሙዚየሞች ሥዕሎቻቸውን ኢንተርኔት ላይ ስለለቀቁ በፕሮጀክተር ብናሳይ ይበቃል ወይ? የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየምም ቢሆን ከሰው ብዛት ሥዕል አይታይም ይባላል። ዳታው ደካማ ነው፣ መብራትም ይጠፋል።

ሸራና ቡሩሽ፦
የሉቭሩ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 10.2 ሚሊዮን ሰው ጎብኝቶታል፤ አሁን በቀን 30,000 ላይ ገድበው ትኬቱን የመግቢያ ሰዓት ቆርጠው ይሸጣሉ። ይህ የበሩን ሰልፍ ያቃልላል እንጂ የሞና ሊዛን ግፊያ አይፈታም፤ የገባው ሁሉ የሚያመራው ወደ አንድ ክፍል ነዋ። 77 በ53 ሴንቲ ሜትር የሆነችውን ሥዕል በመስታወት፣ ያውም ከአጥር ማዶ ነው የሚያዩት። ትይዩዋ የተሰቀለውን የቬሮኔዜን የቃና ዘገሊላ ሠርግ ደግሞ አብዛኛው ሰው ጀርባውን ሰጥቶት ስልኩን ያነሳል።

ለዝርዝር ነገር ስክሪን ይበልጣል። የአምስተርዳሙ ራይክስሙዚየም የሬምብራንትን የሌሊት ዘብ የተባለ ሥዕል በ717 ጊጋፒክስል (717 ቢሊዮን የምስል ነጥብ) ለቆታል፤ የቀለሙ ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። በአካል የሄደ ሰው እንዲያ አያየውም። ስክሪን የሚያጠፋው መጠንን ነው፤ ሞና ሊዛም የቃናው ሠርግም ግድግዳችሁ ላይ እኩል ይሆናሉ። 77 በ53 ካርቶን ቆርጣችሁ ስቀሉ፤ ለሠርጉ ሜዳ ላይ 9.94 በ6.77 ሜትር በኖራ አስምሩና ተማሪዎቹን መሀሉ አቁሟቸው።

ቦሳ አዲስ፦
በቀጥታ ከኢንተርኔት አታሳዩ። ምስሉ ሲጎላ በቁርጥራጭ ነው የሚጫነው፤ መስመሩ ሲደክም ብዥ ብሎ ይቀራል። የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቅጂ መብት የሌለባቸውን ምስሎች በነፃ ያስወርዳል። ፍለጋው ላይ ኦፕን አክሰስ የሚለውን መርጣችሁ፣ የማውረጃዋን ቀስት ተጭናችሁ ፍላሽ ላይ አድርጉት። ስክሪንሾት አይሁን፣ ሲጎላ ይፈረካከሳል። በ14ኛው መጨረሻና በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መካከል የተሠራ የእኛ የብራና ወንጌል እዚያ አለ፤ በእሱ ብትጀምሩ ጥሩ ነው።

ምክንያቱም ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም አይወረውርም፤ በመስኮት ብርሃን ከገባ የሬምብራንት ጨለማ ግራጫ ይሆናል። የብራናው ደማቅና ግልጽ ቀለም ግን ይቋቋማል። የፕሮጀክተሩን የምስል ምርጫ ከዳይናሚክ ወደ ሲኒማ ቀይሩት፣ አለበለዚያ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። መብራት ቢጠፋ ዋና ዋናዎቹን በኤ3 ወረቀት አሳትማችሁ ያዙ።

ሄርማታ፦
እንግዲያውስ ጉዞው ለምን ያስፈልጋል?

ቆሞ ተመልካች፦
አንዳንዱ ስክሪን ላይ አይገባማ። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ብርሃን ከኋላው ካልመጣ ሥዕሉ ግማሽ ነው። የሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን የተመለሱ ሥራዎችም አዲስ አበባ በስሙ በተሰየመው ማዕከል አሉ። የዘይት ቀለም ውፍረት የሚታየው ተመልካቹ ወደ ጎን ሲራመድ ነው፣ ፎቶ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የተነሳ ነው።

40 ልጅ በአንዴ አይግባ። ከ10 አይብለጥ፤ ከዚያ ካለፈ ከኋላ ያለው የጓደኛውን ማጅራት ነው የሚያየው። ሚላን ላይ የዳ ቪንቺን የመጨረሻው እራት ለማየት የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው፤ እናንተም ለአንድ ቡድን ያን ያህል ስጡ፣ ስልክ ከ10ኛው ደቂቃ በኋላ ይውጣ። ልምምዱን እዚያው ጅማ ሙዚየም፣ አባ ጅፋር የተገለገሉባቸው ዕቃዎች ዘንድ መጀመር ትችላላችሁ። ፎቶ ይፈቀድ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቢፈቀድም የካሜራው ፍላሽ ይጥፋ።