የቺርሊዲንግ ቡድኖች የችሎታ ደረጃ አመዳደብ፦ ለዘንድሮው የጋራ ምክረ ሐሳብ የተከፈተ የዕቅድ ውይይት

የደጀን አሰልጣኝ፣ ሰኞ ከምሽቱ 2፡10

ባለፈው ጥር በቺርሊዲንግ (ቡድን በሙዚቃ እየተገለባበጠና ሰው ወደ ላይ እያነሣ በሚወዳደርበት ስፖርት) ውድድራችን የሆነውን ሁላችንም ስላየን መልሼ አልተርከውም። በታችኛው ደረጃ የተመዘገበ አንድ ቡድን፣ ከልጆቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእጅ ተመርኩዘው ወደ ኋላ መስፈንጠር የሚችሉ ሆነው ሳለ፣ ገና መንከባለልና በእጅ ወደ ጎን መሽከርከር ከሚለማመዱ ልጆች ጋር ተወዳድሮ ዋንጫውንም የሽልማቱንም ገንዘብ ወስዷል። በትርኢቱ ያሳየው ለደረጃው የተፈቀደውን ብቻ ስለሆነ ደንብ ጥሷል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከባዱን የሚችል ልጅ ቀላሉን ሲሠራ ጉልበቱ አይታጠፍም፣ ሲያርፍም አይንገዳገድም፤ ስለዚህ ዳኛው የሚቀንስበት ነጥብ አያገኝም። የእኔ ልጆች በዚያ ቀን እያለቀሱ ነው የተመለሱት፤ ሁለቱ ከዚያ ወዲህ ልምምድ አልመጡም።

ስለዚህ ድጋፍ ለመጠየቅ በምናቀርበው የጋራ ምክረ ሐሳብ ውስጥ የደረጃ አመዳደብ አንቀጽ ይግባ። በአሜሪካ የቺርሊዲንግ ክበባት የሚሠሩበት ከ1 እስከ 7 ያለው አከፋፈል ለእኛ ይበዛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ይበቁናል። በ1 መንከባለልና በእጅ ወደ ጎን መሽከርከር ይፈቀዳል፤ በ2 በእጅ ተመርኩዞ መስፈንጠር ይጨመራል፤ በ3 ከሩጫ ተነሥቶ እጅ መሬት ሳይነካ አየር ላይ መገልበጥ ይመጣል። በማንሣት በኩልም በ1 የምትነሣዋ ልጅ በሁለት እግሯ የምትቆመው ከተሸካሚዎቹ ትከሻ ሳታልፍ ነው፤ ተሸካሚዎቹ እጃቸውን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው በሁለት እግሯ ሊያቆሟት የሚችሉት ከ2 ጀምሮ ነው።

ዋናው ነጥብ የሚከተለው ነው። ቡድኑ የሚመደበው ከሁሉ የሚበልጠው ልጅ በሚችለው ሳይሆን አብዛኞቹ ልጆች ደጋግመው፣ በደኅና አርፈው ሊያሳዩ በሚችሉት ይሁን። ውድድሩ አንድ ወር ሲቀረው ከሌላ ከተማ የመጡ ሁለት አሰልጣኞች ልምምዱን ይመልከቱ። ከተመዘገበበት በላይ ሆኖ የተገኘ ቡድን ወደ ላይ ይውጣ እንጂ አይባረር።

የማርቆስ ቡድን መሪ፣ ሰኞ ከምሽቱ 3፡05

«አብዛኞቹ» የሚለው ቃል በቁጥር ይቀመጥ። 20 ልጆች ላሉት ቡድን 11 ማለት ነው ወይስ 15? በልምምዱ ቀን የሚበልጡትን ልጆች ቤት አስቀርቶ በውድድሩ ቀን የሚያመጣ አሰልጣኝ ቢኖር ምን ይደረጋል? በሁለት ቡድን የሚሰለፍ ልጅስ በየትኛው ይቆጠራል? ከማርቆስ ሞጣ ድረስ ሄዶ ልምምድ የሚመለከት ሰው የመኪናና የማደሪያ ወጪውን ማን ይሸፍናል? እነዚህ ካልተመለሱ አንቀጹ ወረቀት ላይ ይቀራል።

የሞጣ ተወካይ፣ ሰኞ ከምሽቱ 3፡20

የመመዘኛ ቅጹን እኔ አዘጋጃለሁ። የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ የሚችለው እንቅስቃሴና ስንት ጊዜ ሞክሮ ስንቱን እንዳሳካ የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ ይሆናል። እስከ ሐሙስ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

የቡሬ አሰልጣኝ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡40

ወደ ቅጹ ከመግባታችን በፊት ስሙ ይስተካከል። በእኛ አገር 1ኛ ደረጃ የሚባለው ከሁሉ የላቀው ነው። ገበያ ወጥቶ «1ኛ ደረጃ ቅቤ ነው» የሚል ነጋዴ ከሁሉ የሚያንሰውን ማለቱ አይደለም። በዚህ አከፋፈል ግን 1 የጀማሪዎቹ፣ 3 የጎበዞቹ ሊሆን ነው። ወላጅ ይደናገራል፣ ጋዜጠኛ ይሳሳታል፣ ገንዘብ የሚሰጠን ነጋዴም ያፍርብናል። ይህ ሳይታረም እኔ አልፈርምም።

የዳንግላ አሰልጣኝ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡15

ይህ የሚያከራክር ጉዳይ አይደለም። ትምህርት ቤትም 1ኛ ደረጃ የሚባለው ከ2ኛ ደረጃ በታች ነው፤ በዚህ የተደናገረ ወላጅ አላየሁም። ቺርሊዲንግ በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ሙሉ እውቅና ያገኘ ስፖርት ነው፤ ነገ ልጆቻችን ወደ ውጭ ቢወጡ የሚጠየቁት በዚሁ ቁጥር ነው። ሌላው የሚያውቀውን እኛ ብቻ ገልብጠን ብንጠራው የምንጎዳው ራሳችን ነን።

የቢቸና ወላጆች ተወካይ፣ ማክሰኞ ቀን 6፡30

አልተደናገረም ለሚለው ወንድሜ የራሴን ልንገርህ። ባለፈው ዓመት ለልጄ የተሰጠው የምስክር ወረቀት «በ1ኛ ደረጃ 2ኛ» ይላል። አጎቱ ሲያነበው፣ 1ኛ ነው ወይስ 2ኛ ብሎ ጠየቀው። ልጁ ሊያስረዳ ሞክሮ ሲያቅተው ወረቀቱን ከግድግዳ አውርዶ ሣጥን ውስጥ ከተተው። የቡሬው አሰልጣኝ ያነሣው ነገር ትንሽ ይመስላል እንጂ ለልጅ ትንሽ አይደለም።

የፍኖተ ሰላም ቡድን መሪ፣ ማክሰኞ ቀን 7፡00

ጀማሪ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ይባሉ፤ ጉዳዩም እዚህ ላይ ይዘጋ።

የቡሬ አሰልጣኝ፣ ማክሰኞ ቀን 7፡12

አይዘጋም። ሦስት ዓመት የለፋ ልጅ ጀማሪ ተብሎ በአደባባይ ሊጠራ አይገባም። ቲሸርት ያሠራልን ነጋዴም «የጀማሪ ቡድን ደጋፊ» ተብሎ ስሙ እንዲነበብ አይፈልግም፤ ይህን በቃሉ ነግሮኛል።

የቢቸና ወላጆች ተወካይ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡50

እንደ ዲማና ዋሸራ ያሉ የቅኔ ትምህርት ቤቶች ባሉበት አገር ተቀምጠን ስለ ደረጃ ስም መቸገራችን ይገርመኛል። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ይነሣል፣ ዋዜማ ይደርሳል፣ መወድስ ላይ ይወጣል። በስንኙ ቁጥር 2 ቤት፣ 5 ቤት፣ 8 ቤት እያለ የሚያድግ ስለሆነ የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ የጎጃም ሰው ሳይነገረው ያውቃል። ጉባኤ ቃና የሚቆጥር (የሚደርስ) ተማሪም የተናቀ አይደለም፤ ሁሉም ያለፈበት በር ነውና። ሦስቱን ስሞች እንውሰድ።

የፍኖተ ሰላም ቡድን መሪ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡05

ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። መወድስ በእግዚአብሔር ፊት የሚቀርብ ምስጋና ነው። ልጅ እየተገለበጠ በድምፅ ማጉያ «አሁን መወድሶች ይገባሉ» ተብሎ ሲታወጅ የሚሰማ አንድ መምህር ቢኖር ምን ይላል? እኔ ሰባት ዓመት በአብነት ትምህርት ቤት የቆየሁ ሰው ነኝ፤ እዚያ ያደርኩበትን ስም ምንጣፍ ላይ አላነጥፍም። የልጆቻችንም እምነት አንድ ዓይነት አይደለም፤ የሙስሊም ልጆች ያሉበትን ቡድን በዚህ ስም እንዴት እንጠራዋለን?

የቢቸና ወላጆች ተወካይ፣ ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡20

አክብሮት እንጂ ድፍረት አላሰብኩም። ሰባት ዓመት ስለተማሩ ግን ቅኔ የእርስዎ ብቻ አይሆንም፤ የእኔም አባት መሪጌታ ነበሩ። የሙስሊሞቹን ልጆች ጉዳይ ግን ልክ ብለዋል፤ እርሱን አላሰብኩትም ነበር።

የደጀን አሰልጣኝ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 12፡50

ስሙን ትተን ቅኔ ቤቱን እንመልከት፤ ያነሣሁት ነገር ያለው እዚያ ነው። መምህሩ ተማሪውን ከጉባኤ ቃና የሚያሻግሩት ተማሪው «ችያለሁ» ስላለ ሳይሆን ፊታቸው ቆሞ ሲቆጥር ሰምተው ነው። መወድስ የሚዘርፍ (በቃሉ የሚያፈልቅ) ተማሪም ወደ ኋላ ተመልሶ ከጀማሪዎች ጋር ጉባኤ ቃና በመቁጠር አይሸለምም። እኛ ግን አሰልጣኙ በጻፈው ብቻ አምነን እንመዘግባለን። ለማርቆሱ ጥያቄ መልሴ ይህ ነው፦ ከ20 ልጆች 15 ይሁን፣ ማለትም ከአራት ሦስት እጅ። በልምምዱ ቀን ያልታየ ልጅ በውድድሩ አይሰለፍ፤ በሁለት ቡድን የሚሰለፍ ልጅም በሁለቱም ይቆጠር።

ሌላም ልጨምር። ከአቅም በታች መመዝገብ ገንዘብና ክብር ይሰርቃል፤ ከአቅም በላይ መመዝገብ ደግሞ አጥንት ይሰብራል። አመዳደቡ ሁለቱንም እንዲጠብቅ እፈልጋለሁ። በስም ላይ የምናጠፋው ጊዜ የሚጠቅመው ይህ አንቀጽ እንዳይጸድቅ ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው።

የቡሬ አሰልጣኝ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡15

ይህ ቃል ለእኔ የተወረወረ ነው። እኛ ባለፈው ጥር የተወዳደርነው በመካከለኛው ነው፤ የወጣነውም 4ኛ ነው፤ ስለዚህ የምደብቀው ዋንጫ የለኝም። ስለ ስም የተናገርሁት ስለ ልጆቼ ክብር እንጂ አንቺን ለማሰናከል አይደለም። እንዲህ የምታስቢ ከሆነ ቡሬ ከዚህ ምክረ ሐሳብ ይውጣ፤ ለውድድሩ ያዋጣነውም ገንዘብ ይመለስልን።

ሒሳብ ያዥ፣ ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡40

የተዋጣው ገንዘብ ለድምፅ ማጉያ ኪራይ ቀብድ ተከፍሏል። ተመላሽ የሚሆን ነገር የለም።

የማርቆስ ቡድን መሪ፣ ረቡዕ ቀን 6፡10

አንድም ሰው አይውጣ። ሰባት ቡድን ሆነን የማንደመጥ፣ ስድስት ብንሆን ማንም አይሰማንም። የደጀኗ አሰልጣኝ ያነሣችው ቁም ነገር ነው፤ የቡሬውም ሰው በቅንነት ነው የተናገረው። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንቺ ተዪው፤ ገንዘቡን አንተ ተወው።

የደጀን አሰልጣኝ፣ ረቡዕ ቀን 7፡30

ዓረፍተ ነገሩን አንሥቻለሁ። ያልተገባ ነበር፤ አያ፣ ይቅርታ አድርግልኝ።

የቡሬ አሰልጣኝ፣ ረቡዕ ከምሽቱ 1፡20

ይቅር ብያለሁ፤ ቡሬም አይወጣም። ስሙ ግን ይስተካከል።

የዳንግላ አሰልጣኝ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡00

ፊደል እንጠቀም። በ1፣ በ2 እና በ3 ፈንታ ምድብ ሀ፣ ምድብ ለ፣ ምድብ ሐ ይባሉ። ሀ የመጀመሪያው ፊደል ቢሆንም ከለ ይበልጣል የሚል ሰው የለም።

የቢቸና ወላጆች ተወካይ፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 2፡25

ምድብ ሲባል በዕጣ የተደለደለ ይመስላል፤ እግር ኳስም እንደዚያ ነው። ቢሆንም ከቁጥሩ ይሻላል፤ እስማማለሁ።

የኅብረቱ ጸሐፊ፣ ሐሙስ ከምሽቱ 2፡00

ምክረ ሐሳቡ የሚገባው ሰኞ ነው። የሞጣው ተወካይ ለዛሬ ቃል የገቡትን ቅጽ እየጠበቅሁ ነው። ሦስት ጊዜ ደውዬ ስልካቸው አይነሣም። ቅጹን ያየ ወይም ሌላ ማዘጋጀት የሚችል ሰው ካለ ያሳውቀኝ።

ሒሳብ ያዥ፣ ዓርብ ከጠዋቱ 3፡00

ቅጹም የለም፣ የተመልካቾቹ ወጪ የሚሸፈንበት መንገድም የለም። የሁለት አሰልጣኞች መጓጓዣና አበል በሰባት ከተማ ሲባዛ የጠቅላላውን ጥያቄ ግማሽ ይወስዳል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ ሲቀርብ ትርፍ ወጪ ይመስላል። ዕቃ ብንጠይቅ ግን የሚታይና የሚቆጠር ነገር ስለሆነ የመፈቀድ ዕድሉ ይሰፋል። ምንጣፍ እንጠይቅ። የተሟላው የውድድር ምንጣፍ 9 ረድፍ ነው፤ የእያንዳንዱ ወርድ 1 ሜትር ከ80 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ርዝመቱ ወደ 13 ሜትር ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት በሸራ የተሸፈነ የስፖንጅ ፍራሽ ሲሆን በመጋጠሚያው ላይ እየተከፈተ እግር ያስገባል።

የፍኖተ ሰላም ቡድን መሪ፣ ዓርብ ከጠዋቱ 3፡20

ይህ ይበልጣል። ባለፈው ዓመት የእጅ አንጓዋ የተሰበረውን ልጅ ሁላችንም እናስታውሳለን። የደኅንነት ጉዳይ ከሁሉ ይቅደም።

የደጀን አሰልጣኝ፣ ዓርብ ቀን 6፡40

ምንጣፉን አልቃወምም፤ እኔም ያስፈልገኛል። ያቺ ልጅ ግን የወደቀችው ፍራሹ ቀጭን ስለነበረ አይደለም፤ አጠገቧ ስለነበርሁ አውቃለሁ። ተሸካሚዎቿ ገና በትከሻ ከፍታ አጽንተው ሳይዟት እጃቸውን ሙሉ በሙሉ ዘርግተው እንዲያነሷት ስለተደረገ፣ ከኋላ ቆሞ ቁርጭምጭሚቷን የሚጠብቀው ልጅም ልምምዱ ላይ ከሁለት ሳምንት በላይ ስላልቆየ ነው። ያን ቡድን ቀድሞ ያየው ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ማንሣት በትርኢቱ ውስጥ አያስገባውም ነበር። 9 ረድፍ ምንጣፍ ከአቅሙ በላይ የተመደበን ቡድን አይሸከምም። የተመልካቾቹ ወጪ ከበዛ በስልክ የተቀረጸ ልምምድ እንመልከት፤ 2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሳይቆረጥ፣ ልጆቹ ሁሉ የሚታዩበት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

የዳንግላ አሰልጣኝ፣ ዓርብ ቀን 7፡15

የተቀረጸውን ማን ያያል? እኛም የምንሰለፍ ስለሆንን ትርኢታችንን ከአንድ ወር በፊት ለተወዳዳሪ አናሳይም።

የደጀን አሰልጣኝ፣ ዓርብ ቀን 7፡25

ትርኢቱ አይታይ፤ የልጆቹ ችሎታ ብቻ በተራ ይታይ። ሙዚቃውና ሰልፉ አያስፈልገንም።

የኅብረቱ ጸሐፊ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡00

ሰኞ የሚገባው ረቂቅ በስልክ ያገኘኋቸው አምስት ቡድኖች በተስማሙበት መሠረት የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ኅብረቱ 9 ረድፍ የውድድር ምንጣፍ እንዲገዛለት ይጠይቃል፤ ምንጣፉም ማርቆስ ላይ ተቀምጦ ሁሉም በተራ ይጠቀምበታል። ሁለተኛ፣ ውድድሩ በምድብ ሀ፣ ለ እና ሐ ይካሄዳል፤ የምስክር ወረቀቱም በዚሁ ስም ይታተማል። ሦስተኛ፣ ቡድኑ የሚሰለፍበትን ምድብ ለዘንድሮ አሰልጣኙ ራሱ ያሳውቃል፤ የማረጋገጫው ሥርዓት ቅጹ ሲዘጋጅ ይታያል። የሞጣን ተወካይ እስካሁን አላገኘኋቸውም። ተቃውሞ ያለው እስከ ነገ ማታ ይጻፍ።

የቡሬ አሰልጣኝ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡10

እስማማለሁ። ምንጣፉ ግን ለምን ማርቆስ ይቀመጣል? ከቡሬ ማርቆስ ለልምምድ ተሄዶ አይዘለቅም።

የማርቆስ ቡድን መሪ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 3፡18

አዳራሽ ያለው ማርቆስ ስለሆነ ነው። ቡሬ የሚዘጋ አዳራሽ ካለ ይነገረን።

የደጀን አሰልጣኝ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 4፡05

ሦስተኛውን አንቀጽ እቃወማለሁ፤ ተቃውሞዬ በረቂቁ ግርጌ ይመዝገብልኝ። ደጀን ውስጥ 18 ልጆች አሉኝ። በእጅ ተመርኩዘው ወደ ኋላ የሚሰፈነጠሩት አራት ብቻ ስለሆኑ በምድብ ሀ እመዘገባለሁ። የአሥራ ስምንቱንም ልምምድ ነገ ቀርጬ እዚሁ እለጥፋለሁ፤ የፈለገ ይቁጠራቸው። በምድብ ሀ የምትሰለፉ ሌሎች ቡድኖችም እንዲሁ ታደርጉ እንደሆነ እስከ ሰኞ ጠዋት እጠብቃለሁ።

የቡሬ አሰልጣኝ፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 4፡12

አዳራሽ አለን። በሩ ብቻ ነው የሚጠገነው፤ ለምንጣፉም ይበቃል።