ትልቅ ከተማ ውስጥ ጥሩ የቪጋን ምግብ ቤት እንዴት ነው የምታገኙት?

ቅጠል በል

ሰላም ለሁላችሁ። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ካቆምኩ ቆየሁ፣ ቪጋን ሆኛለሁ ማለት ነው። ቤቴ ስሆን ችግር የለም፣ ችግሩ ውጭ መብላት ነው። በሥራ ምክንያት ከአንዱ ትልቅ ከተማ ወደ ሌላው እዞራለሁ። ኢንተርኔት ላይ "ምርጥ 10 የቪጋን ምግብ ቤቶች" የሚለውን ዝርዝር ስከፍት ግማሹ ተዘግቷል፣ ግማሹ ደግሞ ለፎቶ የሚያምር ቅጠል አቅርቦ በረሃብ የሚሸኝ ነው። እህታችሁን ምከሩ እስቲ። የቦታ ስም ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደምትመርጡም ንገሩኝ። አንድ ምሽት ደህና ገንዘብ ላውጣ ብል፣ እነዚያ ስማቸው የገነነው ቤቶች ዋጋቸውን ያህል ናቸው?

ዞሮ በላ

ዝርዝሩን ተይው። ሃፒካው የሚባለውን አፕ አውርጂ። ድረ ገጹ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሙሉ ቪጋን የሆነውን፣ ቬጀቴሪያኑን (ሥጋ የሌለው፣ ወተትና እንቁላል ግን ሊኖረው የሚችል)፣ እንዲሁም ሥጋ እየሸጠ የቪጋን ምርጫ ያለውን ለይቶ ያሳይሻል። የኮከቡን ብዛት ሳይሆን የመጨረሻው አስተያየት መቼ እንደተጻፈ እዪ። የቅርብ ጊዜ ከሌለ ሳትደውዪ እንዳትሄጂ።

ደግሞ በር ላይ "ቪጋን" የሚል ጽሑፍ ብቻ አትፈልጊ። ድሮውንም ያለ ሥጋ ማብሰል የሚችሉበትን ፈልጊ። ደቡብ ሕንዶች ከሩዝና ከጥራጥሬ በተቦካ ሊጥ ዶሳ ይጋግራሉ። ሊባኖሶች ከሽምብራ የሚሠሩ ፈላፍልና ሁሙስ አላቸው። የቡድሂስት ቻይናውያን ቤቶች ደግሞ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ነገር) እና እንጉዳይ ላይ የተካኑ ናቸው፣ አንዳንዶቹ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ ሳይነኩ ጣዕም ያወጣሉ፣ እንዴት አድርገው እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። እነዚህ ቤቶች ውስጥ ማንም ሰው ሥጋው ጎደለ ብሎ አያስብም። አዲስ የተከፈተው ፋሽን ቤት ግን ጉልበቱን የሚጨርሰው በርገር አስመስሎ በመሥራት ነው።

ከኩሽና

የምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ነው የምሠራው። ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፣ ግን ሳትጠይቂ አትዘዢ። የሕንድ ቤት "ንጹህ ቬጅ" ብሎ ሲጽፍ ሥጋ የለም ማለቱ ነው እንጂ ወተትና ቅቤ የለም ማለቱ አይደለም። ዶሳው ራሱ ቅቤ ተቀብቶ ሊመጣ ይችላል፣ ናን የሚባለው ቂጣ ውስጥም ብዙ ጊዜ እርጎ ይገባል። የታይ ቤት አትክልት ብቻ ያለበት ካሪ ብለው ያመጡልሽና የካሪ ቅመሙ ውስጥ ሽሪምፕ፣ መረቁ ውስጥ የዓሣ ሶስ ይኖራል። የጃፓን ሚሶ ሾርባ (ከቦካ አኩሪ አተር የሚሠራው) መረቁ አብዛኛውን ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው። ያልደረቀ ፓስታ እንቁላል ሊኖርበት ይችላል፣ ደረቁ ግን በብዛት ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው። ወይን የምትጠጪ ከሆነ ደግሞ አንዳንዱ የሚጣራው በእንቁላል ነጭ ወይም ከዓሣ በሚገኝ ነገር ነው።

አስተናጋጁን "ቪጋን ነው?" ብለሽ ከጠየቅሽው አዎ ይልሻል፣ ከአንቺ ጋር ምን አጨቃጨቀው! "መረቁ ከምንድን ነው? በዘይት ነው ወይስ በቅቤ የሠራችሁት?" በይው። ኩሽና ገብቶ ጠይቆ ከተመለሰ ጥሩ ቤት ነው። እዚያው ቆሞ ከገመተ ሌላ ቤት ሂጂ።

የማይስማማው

ዞሮ በላ፣ በርገሩን እንዲህ ማጣጣልህ አልተዋጠልኝም። እኔ ሥጋ ያቆምኩት ጣዕሙን ጠልቼ አይደለም። ጥሩ ተደርጎ የተሠራ የአኩሪ አተር በርገር ከጓደኞቼ ጋር እኩል ያስቀምጠኛል፣ ሁሌ ሁሙስ እየበላሁ ልኑር እንዴ?

ስለ ውዶቹ ቤቶች ላልሽው፦ ለንደን ውስጥ ፕሌትስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2025 የሚሽላን ኮከብ (ታዋቂው የምግብ ቤቶች መመሪያ ለምርጦቹ የሚሰጠው፣ ከፍተኛው 3 የሆነ) አግኝቷል፣ በዩናይትድ ኪንግደም ከቪጋን ቤቶች የመጀመሪያው ነው። ኒው ዮርክ ያለው ኢለቨን ማዲሰን ፓርክ ደግሞ ባለ 3 ኮከብ ሆኖ በ2021 ሙሉ በሙሉ ወደ ዕፅዋት ዞረ፣ ሁላችንም አጨበጨብን፣ በ2025 ግን ሥጋና ዓሣ መለሰ። ስለዚህ ዝና አይቶ ቦታ መያዝ ብቻውን አይበቃም፣ ከመያዝሽ በፊት የዛሬውን ሜኑ አንብቢ። ለእኔ ከኮከብ ይልቅ ዕድሜ ያሳምነኛል። ስዊዘርላንድ ዙሪክ ያለው ሂልትል እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ ያለ ቬጀቴሪያን ቤት ነው። ሙሉ ቪጋን አይደለም፣ ግን ያን ያህል ዘመን ያለ ሥጋ ደንበኛ ማቆየት ቀልድ አይደለም።

ቅጠል በል

ተባረኩ! የመረቁ ነገር ግን አስደነገጠኝ፣ ያን ሁሉ ሚሶ ሾርባ በነጻ ኅሊና ስጠጣ ነበር ማለት ነው። ጥብስስ? ድንች ሳዝ ምን ልጠይቅ?

ከኩሽና

ድንቹ ከዶሮና ከዓሣ ጋር በአንድ መጥበሻ ዘይት ይጠበስ እንደሆነ ጠይቂ። ብዙ ቦታ አንድ ነው። ለአንዳንዱ ቪጋን ግድ አይሰጠውም፣ ለሌላው ይሰጠዋል፣ ያ የአንቺ ውሳኔ ነው።

አለርጂ ያለባት

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ወተት ወይም እንቁላል አለርጂ ያለበት ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ "ቪጋን" የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይመን። ቃሉ የሚናገረው ሆን ተብሎ ስለገባው ነገር ነው እንጂ በቢላና በድስት ስለሚነካካው አይደለም። አለርጂሽን በግልጽ ንገሪያቸው፣ ሙሉ ቪጋን ቤት እንኳ ቢሆን። እነሱ ጋ ደግሞ ለውዝ፣ ካሹና ሰሊጥ ይበዛል፣ ክሬምና አይብ የሚያስመስሉት በብዛት በካሹ ነውና።